የተገለበጠው አንድ ብር

ሰሚት ባለው ኮንዶሚኒየማችን ደረጃ ላይ ከወትሮው የፈጠነ እርምጃ ስሰማ ምን እንደመጣብኝ አውቃለሁ። በሬ ይንኳኳል። ስከፍት አንድ ጎረቤት ወይም የጎረቤት ዘመድ ጡጫውን ጨብጦ ቆሟል። ሰላምታው ዛሬ አጭር ነው። ጡጫው ይከፈትና መዳፉ ላይ ሳንቲም ይታያል። እንዲህ ዓይነቱ ሳንቲም ቤት ይገዛል ሲባል ስልኩ ላይ አይቷል። መነጽሬን አደርጋለሁ፣ ጠርዙን በጥፍሬ ዳብሼ አዞረዋለሁ፣ ከዚያ አየዋለሁ።

«አንድ ብር ነው» እላለሁ።

«እሱማ ነው። ስንት ያወጣል?»

«አንድ ብር።»

አንዳንዱ ስቆ ይወርዳል። አብዛኛው ይከፋዋል። አንዱ ቀንተሽ ነው ብሎኛል። ሌላው በዕድር ስብሰባ ላይ ሲያየኝ ፊቱን ያዞራል። ያዙር። ሰው እንዲወደኝ ብዬ ዋጋ የምጨምር ብሆን ኖሮ ዛሬም ቦሌ ሱቁ ውስጥ ወንበሬ ላይ ተቀምጬ በተገኘሁ። «ለተብርሃን ጡረታ ወጣች» ብለው የሚያወሩ አሉ። ጡረታስ ዕድሜዬ ደርሶ ነበር፤ ግን እኔ ከዚያ ሱቅ የወጣሁት በገዛ ፈቃዴ ከወንበሬ ተነሥቼ ነው። እንዴት እንደተነሣሁ፣ በኋላም ለምን ተመልሼ እንደተቀመጥኩ፣ ሰው አሳምሮ ከሚያወራልኝ ራሴ ብጽፈው ይሻላል።

ሥራ የጀመርኩት ባንክ ነው። የባንክ ሠራተኛ ሲባል ሰው የሚያስበው መስኮቱ ጋ ጸጉሯን ተሠርታ የተቀመጠችውን ነው። እኔ የነበርኩት ከሷ በታች፣ ምድር ቤት፣ ሳንቲም ክፍል ነው። ከአውቶቡስ፣ ከመንገድ ስልክ፣ ከቤተ ክርስቲያን ሙዳየ ምጽዋት በከረጢት የሚመጣ ሳንቲም እዚያ ይዘረገፋል። ማሽኑ ሲንጫጫ ስለሚውል እርስ በርስ የምንነጋገረው በእጅ ምልክት ነበር። ጣታችን ጠቁሮ ይውላል፤ ቤት ገብቼ እንጀራ ስቆርስ እንኳ የብረቱ ሽታ ከእጄ አይለቅም። ስለ ደመወዙ ብዙ አልልም፤ ከሱ ይልቅ የሚታደለን ሳሙና ይሻል ነበር።

ማሽኑ የተፋውን የሚለየው ጋሽ አበራ ነው። ቀጭን፣ ትንሽ ጎበጥ ያለ፣ ሲናገር ቃል የሚቆጥብ ሰው ነበር። ማጉያ መነጽሩን በጫማ ማሰሪያ አንገቱ ላይ ያንጠለጥለዋል። አንድ ሳንቲም ሲያቀብሉት መጀመሪያ ፊቱን አያይም። ጠርዙን በአውራ ጣቱ ጥፍር እየዳበሰ ይዞረዋል። ቀጥሎ ጠረጴዛው ላይ ባስቀመጠው የመስኮት መስታወት ቁራጭ ላይ ይጥለውና አንገቱን ዘንበል አድርጎ ድምፁን ይሰማል። ማጉያውን የሚያነሣው በመጨረሻ ነው። ለምን እንደሆነ ስጠይቀው፣ «መጀመሪያ ካየሁትማ የምፈልገውን ነው የማየው» አለኝ።

ሁልጊዜም የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ነበረው፤ «መቼ ነው የቆሰለው?»

መጀመሪያ አልገባኝም ነበር። አንድ ቀን ጎኑ የተጎመጠ ስሙኒ አገኘሁና፣ ሰው በመቀስ ቆርጦታል ብዬ ወደ ብልሽት ከረጢት ልጥል ስል እጄን ያዘኝ። «ተቃራኒውን ጠርዝ እዪ» አለኝ። ከተጎመጠው ፊት ለፊት ያለው ጠርዝ ፈዟል፤ ከፍ ብሎ መታየት የነበረበት ክብ መስመር ጠፍቷል። ጋሽ አበራ ማሽኑን አስቁሞ አስረዳኝ። ሳንቲም ከመመታቱ በፊት ከብረት ዝርግ ላይ እንደ ብስኩት ተቆርጦ ይወጣል። መቁረጫው ቀድሞ የተቆረጠበት ቀዳዳ ላይ ደርቦ ካረፈ፣ ጎኑ የጎደለ ክብ ይወጣል። ያ ጎዶሎ ክብ በማኅተሙ ሲመታ ኃይሉ በጎደለው በኩል ስለሚያመልጥ ተቃራኒው ጠርዝ በደንብ አይሞላም። በመቀስ የቆረጠ ሰው ይህንን ከየት ያመጣዋል? ስሙኒው የቆሰለው ሲሠራ ነው፤ ከመንገድ አይደለም።

«ታዲያ ምን ልዩነት አለው?» አልኩት። «ሁለቱም ወደ ብልሽት ነው የሚሄዱት።»

«እዚህ ነው ልዩነት የሌለው» አለ። «ይሄንን ሲፈልጉ የሚኖሩ ሰዎች አሉ።»

ከጥቂት ዓመት በኋላ ጋሽ አበራ ጡረታ ወጣና ቦሌ፣ ወደ አውሮፕላን ማረፊያ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለ ሱቅ ገባ። ባለቤቱ አቶ ሳምሶን የብር መስቀል፣ ጠገራ ብርና የድሮ ሳንቲም ይሸጡ ነበር። ሥራው ሲበዛ ጋሽ አበራ እኔን አስጠራኝ። ምድር ቤቱን ትቼ የቀን ብርሃን ያለበት ሱቅ ውስጥ፣ በሩ አጠገብ፣ ባለ መደገፊያ የእንጨት ወንበር ተሰጠኝ። ያቺ ወንበር በዚህ ታሪክ ውስጥ ተመልሳ ትመጣለች።

ባንክ ሳለሁ ስጥለው የኖርኩትን እዚህ ሰው በጥጥ ጠቅልሎ ይገዛዋል። ዋጋው ግን ስልኩ ላይ እንደሚያወሩት አይደለም፤ ለጎረቤቶቼ ብናገር የማይሰሙኝም ይህንን ነው። ስህተት ሁሉ ዋጋ የለውም። ምስሉ ትንሽ ከፈዘዘ ወይም ጸጉር የምታህል መስመር ካለችበት ማንም ዞር ብሎ አያየውም። ሰብሳቢ የሚፈልገው ያለ ማጉያ፣ በእጅ እንደተያዘ ለዓይን የሚታይ ስህተት ነው። ምስሉ ወደ ጎን ሸሽቶ ከተመታ፣ ብዙ በሸሸ ቁጥር ይወደዳል። ግን ዓመተ ምሕረቱ መነበብ አለበት፤ ዓመቱ የተቆረጠበትና ዓመቱ የተረፈለት እኩል አይሸጡም። ብዙ እጅ ያላሸው ካሸው ይበልጣል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ፈላጊው ሊኖር ይገባል። በዓለም ላይ አንድ ብቻ ቢሆንም የሚፈልገው ሰው ከሌለ ዋጋው ላዩ ላይ የተጻፈው ነው።

ጋሽ አበራ ካረፈ በኋላ ማጉያው ከነጫማ ማሰሪያው ለእኔ ቀረ። ያኔ አውቄያለሁ፣ ከእንግዲህ የሚያሳስተኝ የለም ብዬ ነበር። ወይዘሮ አስካለ የመጡት እንግዲህ በዚያ ሰሞን ነው።

ጎሮ የሚኖሩ እናት ናቸው። ሱቅ ድረስ መጥተው ቤታቸው ስላለ ሽልንግ ነገሩኝ፤ የጃንሆይ ጊዜ፣ ከብር የተሠራ። የንጉሡ ምስል ወደ አንድ ጎን ሸሽቶ በሌላው በኩል ባዶ ጨረቃ የመሰለ ሜዳ ቀርቶበታል። ባለቤታቸው በጎረምሳነታቸው ከደመወዛቸው ጋር ደርሷቸው፣ እያሳቃቸው ሳያወጡት ኖረዋል። ዓመቱ ይነበባል ወይ አልኳቸው። ይነበባል አሉ። ወይዘሮ አስካለ ሽጠው ለልጃቸው ለሰናይት ሾላ ገበያ መደብ ሊይዙላት ነበር ያሰቡት። «ባለበት ይሁን፣ ምንም አያድርጉት» አልኳቸው። በማግስቱ ለዓመታት እንዲህ ያለውን ሲፈልግ የኖረ ደንበኛችንን ይዤ ጎሮ ሄድኩ።

ቤቱ ተጠርጎ፣ ነጭ ጨርቅ በጠረጴዛው ላይ ተነጥፎ ጠበቀን። ሽልንጓን በሲኒ ማስቀመጫ አድርገው አመጧት። ከሩቅ አየኋት። ታበራለች።

«በአመድና በሎሚ አሸኋት» አሉ ወይዘሮ አስካለ ደስ ብሏቸው። «እንግዳ ፊት ጥቁር ነገር እንዴት ይቀርባል?»

ደንበኛው አንሥቶ አያት። በዕድሜዋ ያፈራችው ጥቁር ቆዳ ተልጦ፣ ያ ባዶ ሜዳ በአመድ ጭረት ተሞልቷል። አንድ ጊዜ ከታሸ ማንም አይመልሰውም። ጨዋ ሰው ነበርና ቀስ አድርጎ መለሳት፣ አመሰገነ፣ ወጣ። ከዚያ በኋላ የነበራት ዋጋ የብሩ ክብደት ብቻ ነው። ወይዘሮ አስካለ ፊቴን አይተው፣ «ምነው ልጄ፣ አላማረችም?» አሉኝ።

«አምራለች እማማ» አልኩ። ሰናይት በሩ ላይ ቆማ ነበር። እሷ ገብቷታል።

ብዙ ሰው ጥፋቱ የእሳቸው ነው ብሎኛል። አይደለም። «ምንም አያድርጉት» ማለት ለእኛ ቤት ሰው «ማጠብም ይቅር» ማለት አይደለም። ማጠብ ክብር ነው። የኔም እናት ብትሆን ታጥባት ነበር፤ ይህንን ማወቅ የነበረብኝ እኔ ነኝ። ከዚያ ቀን በኋላ ለሚመጣ ሰው ሁሉ ሳንቲሙን ከማየቴ በፊት «አይታጠብ፣ አይወልወል፣ አይታሽ፣ በጨርቅ እንኳ አይነካ» እላለሁ። የእሳቸው «አላማረችም?» ግን ዛሬም ያመኛል።

ጊዜው ተለወጠ። አቶ ሳምሶን ታመው አልጋ ያዙና ሱቁ ለልጃቸው ለናሆም ተላለፈ። ናሆም ከትምህርት ቤት ሲመጣ ምሳውን ያጎረስኩት ልጅ ነው፤ ክፉ ነው አልልም። ስልኩ ላይ መሸጥ ጀመረ። መጀመሪያ ላይ ጥሩ ነበር። እኔንም ቀረጸኝ፤ እንደ ባንኩ ጊዜው ጎኗ የተጎመጠች አንዲት የሱቁ ስሙኒ ይዤ ስህተቱ ከመንገድ ሳይሆን ሲሠራ የመጣ መሆኑን ሳስረዳ። ብዙ ሰው አየው።

አንድ ጠዋት አንድ ብር ሳንቲም ፊቴ አስቀመጠ። አንድ ብር መሐሉና ዙሪያው ሁለት የተለያየ ብረት ነው። በዚህኛው ላይ ግን ሚዛኑ መሆን በሚገባው በኩል የአንበሳው ራስ አለ። መሐሉ ተገልብጧል።

«እትዬ፣ ይሄ ኤረር ኮይን ሰዉን እያሳበደው ነው» አለኝ፤ የስህተት ሳንቲምን እንዲያ ነው የሚለው። «አንድ ቪዲዮ ብቻ። ጀስት ኦሪጅናል ነው ይበሉልኝ።»

ጠርዙን ዞርኩት። መስታወት ላይ ጣልኩት፤ እንደ ተሰነጠቀ ሸክላ የታፈነ ድምፅ ሰጠ። ለደንቡ ያህል ማጉያውን አነሣሁ። መሐሉና ዙሪያው ተገጣጥመው፣ በአንድ ጊዜ፣ በአንድ ምት ነው የሚመቱት። መሐሉ ለብቻው ተገልብጦ ሊመታ የሚችልበት መንገድ የለም። ሰው በመዶሻ አስወጥቶ ገልብጦ መልሶታል። የመዶሻው ምልክትም በመጋጠሚያው ላይ አለ።

«የት ነው ያስገለበጥከው?» አልኩት።

ሳቀ። «እርስዎን ምን ቸገረዎት? ገዢው ደስ ካለው፣ እኛ ደስ ካለን፣ ማን ያውቃል?»

«አንተ ታውቃለህ። እኔም አሁን አወቅሁ።»

«ዘመኑ ተቀይሯል እትዬ።»

«ይቀየር። የቆሰለው ከመንገድ ነው።»

ማጉያዬን አንገቴ ላይ አደረግሁ፣ ቦርሳዬን አነሣሁ፣ ወጣሁ። ስንብት የለ፣ ሽኝት የለ። ጡረታ ወጣች የተባለው ይኸው ነው።

ቤቴ ተቀምጬ «አንድ ብር ነው» እያልኩ ጎረቤት ሳስቀይም ከረምኩ። ታዲያ አንድ ጠዋት ደረጃው ላይ የሰማሁት እርምጃ እንደ ሌሎቹ አልነበረም። ዝግ ይላል፣ ይቆማል፣ እንደገና ይወጣል። ስከፍት አንዲት ጎልማሳ ሴት ናት፤ ነጠላዋ የበርበሬ ሽታ አለው። መጀመሪያ አላወቅኋትም።

«ሰናይት ነኝ። የጎሮዋ፣ የወይዘሮ አስካለ ልጅ። ሱቁ ሄጄ ባጣዎት ዘበኛው ቤትዎን ጠቆመኝ» አለች።

አቅፌ አስገባኋት። እናቷ ማረፋቸውን ነገረችኝ። መደቡን ያን ጊዜ ባይሳካም ከብዙ ልፋት በኋላ በራሷ ይዛዋለች፤ ሾላ በርበሬና ሽሮ ትሸጣለች። ይህን እያወራች ከጉያዋ ትንሽ ዕቃ አወጣች። በጥጥ ተጠቅልሏል፣ ጥጡ ደግሞ በወረቀት። እንደ ታቦት ተጠንቅቃ ፈታችው። የተገለበጠው አንድ ብር ነው።

«አልነካሁትም እትዬ» አለች። «እናቴ እስካረፈችበት ቀን ድረስ ያችን ሽልንግ ባላጠብኳት እንዳለች ነው። ስለዚህ ይሄን አላጠብኩትም። በጨርቅ እንኳ አልነካሁትም። እንዳሉት ነው ያስቀመጥኩት።»

«ማን ሸጠልሽ?» አልኩ፣ እያወቅሁ።

ስልኳን ከፈተች። ቪዲዮው ላይ የራሴን እጅ አየሁት። ድምፄንም ሰማሁት፤ «ይህ ስህተት ሲሠራ የመጣ ነው። አይታጠብ።» ስለ ስሙኒዋ የተናገርኩት ነው። ናሆም ቆርጦ የተገለበጠው ብር አጠገብ ለጥፎታል።

«እርስዎ ስላሉበት ነው የገዛሁት» አለች ሰናይት። «ያኔ ያመለጠን ተመልሶ መጣ ብዬ። ዛላ በርበሬ የምገዛበት ገንዘብ በሙሉ ነው። ገዢ አገኛለሁ ብዬ ባዞር ባዞር ሁሉም ይስቅብኛል። ዕቃ ካላስገባሁ መደቡን ለሌላ ይሰጡታል።» ዓይኗ እንባ ሞላ። «እውነተኛ ነው አይደል?»

የአስካለ ልጅ ናት። ለእናቷ «አምራለች» ብዬ ዋሽቻለሁ። ለእሷ አልዋሽም።

«አንድ ብር ነው ሰናይት» አልኳት። «ተነሺ፣ ነጠላሽን አጣፊ።»

ከሰሚት ታክሲ ይዘን ቦሌ ወረድን። ሱቁ ስደርስ ዘበኛው እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ሰላም አለኝ። ወንበሬ በቦታዋ ናት። ማንም ሳይጋብዘኝ ሄጄ ተቀመጥኩ። ሰናይት አጠገቤ ቆመች።

ናሆም ከመደርደሪያው ኋላ ብድግ አለ። «እትዬ! ምነው ሳይነግሩኝ?»

«ገንዘቧን መልስላት፤ ቪዲዮውንም አጥፋው።»

«እዚህ ጋ ደንበኛ አለ። በኋላ ተረጋግተን እናወራለን።»

«እኔ ሥራ የለኝም ልጄ፤ ጡረተኛ ነኝ። እስከፈለግኸው ድረስ እቀመጣለሁ።»

ተቀመጥኩም። በሩ በተከፈተ ቁጥር የሚገባውን ሰው በአክብሮት ሰላም እላለሁ። «የተገለበጠውን አንድ ብር ፈልጋችሁ ነው? ቪዲዮው ላይ ያለችው ሴት እኔ ነኝ። እሱን አይቼ አላጸደቅሁም። በመዶሻ የተገለበጠ ነው።» አንድ ባልና ሚስት ተያይተው ወጡ። ቀድሞ የገዛ አንድ ሰውዬ የከፈለውን ሊጠይቅ ወደ ናሆም ዞረ። ናሆም ፊቱ ቀላ፤ ዘበኛውን ጠርቶ «እባክህ እትዬን ወደ ውጭ...» ብሎ ጀመረና ተወው። ዘበኛው መሬት መሬት ያያል። በዕድሜ የገፋች ሴት ከተቀመጠችበት ጎትቶ የሚያስነሣ ሰው በዚያ ሱቅ ውስጥ አልነበረም፤ ናሆምም ራሱ አልቻለም። እዚያች ወንበር ላይ ሆኜ ነው ያጎረስኩት።

መጥቶ አጠገቤ ቁጢጥ አለ። «ለእርስዎም እኮ ድርሻ አስቤ ነበር» አለ በሹክሹክታ።

«ስሜን ነው የሸጥከው። የስሜን ድርሻ ከየት አምጥተህ ትሰጠኛለህ?» አልኩት፣ ሳልንሾካሾክ። «እኔ ስሞት የሚቀረኝ ይህ ማጉያና ስሜ ነው። ማጉያው እንኳ የጋሽ አበራ ነው።»

ሌላ ደንበኛ በሩን ከፈተ። አፌን ገና ስከፍት ናሆም፣ «በቃ! በቃ እትዬ!» ብሎ ስልኩን አወጣ። ቪዲዮውን ዓይኔ እያየ አጠፋው። ቀጥሎም ለሰናይት የከፈለችውን በሙሉ ላከላት። የእሷ ስልክ ሲጮህ ከፍታ አየችና በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች።

ተነሣሁ። ናሆም እጁን ዘረጋ።

«እሺ፤ ሳንቲሟን መልሱልኛ።»

ሰናይት ወደ እኔ አየች። የተገለበጠው ብር ከነጥጡ በእጄ ነው። ብመልስለት ነገ ሌላ ሰናይት ያገኝለታል።

ቦርሳዬን ከፈትኩ። ታክሲ ውስጥ ከተመለሰልኝ መሐል አንድ ብር ፈለግሁ፤ ጠርዙን በጥፍሬ ዞርኩት፤ ከዚያ በመደርደሪያው መስታወት ላይ ጣልኩት። ጥርት ብሎ ጮኸ።

«ዋጋው ይኸውልህ» አልኩት። «ገዝቼዋለሁ።»

የተገለበጠውን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ የሰናይትን ክንድ ያዝኩ። በሩ ላይ ደርሼ ዞር ስል ናሆም የጣልኩለትን ብር አንሥቶ ያገላብጠዋል። አንዴ አንበሳውን፣ አንዴ ሚዛኑን አየ። ምንም ስህተት አልነበረበትም።